ሦስቴ የሚጣራው ከንቲባ

ማንም ያልሾመው ከንቲባ የሌለበት ሰፈር በምድር ላይ የለም። የትም አገር ብትሄዱ፣ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ጉሮሮውን እየጠራረገ የሚደርስ አንድ ሰው አይጠፋም። "ቆዩ ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ" ይላል። ከመጀመሪያው ሲጀምሩለት "ከዚያ በፊትስ?" ይላል። መንግሥት አያውቀውም፤ ደመወዝ የለውም፤ እሱ ያልሰማው ጠብ ግን ከጠብ አይቆጠርም።

የጁባው፣ የሃይ ማላካሉ፣ ጋሽ ማንያህልሻል ናቸው። ሰፈሩ "ክቡር ከንቲባ" ይላቸዋል፤ ሲጀመር ለቀልድ ነበር። በአገር ቤት በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል ይባላል። እዚህ እንጀራቸው ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ማኅተም መቅረጽ ነው። በቆርቆሮ ሱቃቸው ውስጥ አንድ አሮጌ ማሽን፣ አንድ ሐምራዊ የቀለም ሳህን፣ ዘጠኝ ትልልቅ መዝገቦች አሉ። ለሰው ሁሉ ማኅተም ሲቀርጹ ኖረው ለራሳቸው የቀረጹት አንድ ብቻ ነው፤ "ታይቷል" ይላል። ምን እንደታየ፣ ማን እንዳየው አይልም።

ዝማሬ ይህንን ሁሉ የምታውቀው ፈልጋ አይደለም። በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ሱቋ ከከንቲባው ሱቅ ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሚጋራ፣ የሰፈሩ ወንጀል ሁሉ በጆሮዋ በኩል ነው የሚያልፈው። ችሎት በተሰየመ ቁጥር የሚወሰዱት የፕላስቲክ ወንበሮችም የእሷ ናቸው።

"ዝማሬ ልጄ፣ ችሎቱ ወንበር ይፈልጋል።"

"ችሎቱ ወንበር ይግዛ!"

"ይህ ቃልሽ ይጻፍ?"

ወንበሩን ትሰጣለች። ሁሉም ይሰጣል። "ያልተጻፈ አልተደረገም" ይላሉ ጋሽ ማንያህልሻል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ያደረገው እንዳይጻፍ ወይም ያላደረገው እንዲጻፍለት ይለማመጣቸዋል። ቃል የሰጠ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ሃይ ማላካል ውስጥ አውራ ጣቱ ሐምራዊ ያልሆነ ሰው ካያችሁ፣ እንግዳ ነው።

አንድ ቀን ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር የሚነዳው ዋል የጣሂራን ዶሮ ገጨ። ዋል ልጅነቱን በጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ያሳለፈ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፤ አማርኛው ከብዙ አበሻ ይሻላል። ጣሂራ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምታፈላ የወሎ ሴት ናት።

"ጋሽዬ፣ እኔ በመንገዴ ነኝ፤ እሷ ናት የገባችብኝ" አለ ዋል።

"በየትኛው እጅህ በኩል?"

"ዶሮ እኮ ናት! ዶሮ ቀኝ ግራ ታውቃለች እንዴ?"

"ቃልህ ይጻፍ" አሉና ጻፉ፦ ሟች፣ ዶሮ። መልክ፣ ገብስማ። ጠባይ፣ ጸጥተኛ።

ይህን ጊዜ ዮፍታሄ የሚባል መንገደኛ ፓስፖርቱን ኮፒ ሊያስነሳ ገባ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቃሉን ሰጥቶ፣ ጣቱን ነክሮ ወጣ። "ኧረ እኔ ምንም አላየሁም!" ብሎ ነበር። "አለማየትህም ይጻፋል" አሉት።

ዝማሬ ራሷ ተከሳ ታውቃለች። የዕቃ እጣቢ ወደ መንገዱ ማዶ ስትደፋ የጣሂራ የከሰል እሳት ጠፋ፣ ከእናት የጀመረ ስድብ ተሰዳደቡ። ከንቲባው ሁለቱንም ሰምተው፣ ሁለቱንም አስፈርመው፣ "ለጸጥታ ዋስ ጥሪ" አሏት። ዋስ የለኝም ስትል "ከሳሽሽ ዋስ ትሁንሽ" ብለው ጣሂራን አስፈረሙ። ጣሂራ "ይቺን ባለጌ ነው የምዋሰው?" እያለች ፈረመች። ከዚያ ወዲህ ዝማሬ ጥፋት እንዳታጠፋ ከጣሂራ በላይ የሚጨነቅ የለም፤ እንዳትሳደብ እያለች ጠዋት ጠዋት ሻይ ታመጣላታለች።

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ሽማግሌ ናቸው። የማያስቀው የቅዳሜው ነገር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ጋሽ ማንያህልሻል ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ ኮፍያቸውን ይደፋሉ። ከሱቃቸው ደፍ ላይ ይቆማሉ። ፀሐይዋ በመንገዱ ጫፍ ቀይ አቧራ ውስጥ ተንጠልጥላለች። በሙሉ ድምፅ ይጣራሉ፦

"ሱዛና!"

ይጠብቃሉ። ማንም የለም።

"ሱዛና!"

ልጆች ኳሳቸውን አንስተው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ጣሂራ ብርጭቆዎቿን ትደፋለች።

"ሱዛና!"

ከዚያ ተመልሰው ይገባሉ፣ ብዕሩ ሲጭር በቆርቆሮው በኩል ይሰማል። ዝማሬ አንድ ጊዜ ተንጠራርታ አይታለች፤ የጻፉት "ሦስት ጊዜ ተጠርታ አልቀረበችም" የሚል ነው። ከእሱ በላይ ያለው መስመርም፣ ከዚያ በላይ ያለውም፣ ገጹ ሙሉ፣ ያው ነው።

ሰፈሩ የመሰለውን አወራ። ትታቸው የሄደች ሚስት ናት አሉ። ናይል የወሰዳት ልጅ ናት አሉ። ዋል በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ደንበኛ አይጭንም። "ሰው በማይታይ ሰው ሲጠራ አቤት አይባልም" ትላለች ጣሂራ። "የሰው ልጅ ከሆነ ሦስተኛውን ይጣራል፤ ሌላ ነገር ከሆነ ሁለቴ ጠርቶ ይሄዳል።" ጋሽ ማንያህልሻል ግን ሰው ናቸው፤ ሦስቴ ነው የሚጣሩት። የሚያስፈራው የምትጠራው ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ሳለ የሮዝ ጉዳይ መጣ።

ሮዝ በአቶ ረታ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። ከናይል ማዶ፣ ጉምቦ ትኖራለች፤ በየማለዳው ድልድዩን ተሻግራ ትመጣለች፤ ሦስት ልጆቿ የሚበሉት በዚያ በሳሙና በተላጠ እጇ ነው። እሷም እንደ ዋል በካምፕ አድጋ የተመለሰች ናት። የሆቴሉ እመቤት የነበሩት የአቶ ረታ ባለቤት፣ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ከሁለት ወር በፊት በሕመም ዐርፈው አስከሬናቸው በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ሄዷል። ዐርባቸው ከወጣ በኋላ አቶ ረታ ቁም ሣጥናቸውን ከፍቶ ቆጠረ። እሳቸው በእጃቸው ከጠለፏቸው ደርዘን አንሶላዎች ሁለቱ የሉም።

ሐሙስ ዕለት ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ ወደ ከንቲባው መጣ። ሮዝ ከኋላው እያለቀሰች ነበር።

"ጋሽ ማንያህልሻል፣ ነገ ወደ ጣቢያ ልወስዳት ነው። እርስዎ ቃሏን ይጻፉልኝ፣ በእንግሊዝኛ ተርጉሜ አያይዘዋለሁ።"

"ምን ጠፋ?"

"ሁለት አንሶላ።"

ብዕሩ ሲወድቅ ዝማሬ ሰማች።

"ስንት አልክ?"

"ሁለት።"

"እመቤቴ በእጃቸው ነው የሰጡኝ" አለች ሮዝ። "ማዳም ይመኙሻል በእጃቸው!"

"ለምስክር ሙት ጠራሽ!" አለ ረታ። "በይ ከመቃብር አምጪያትና ትናገርልሽ!"

ክቡር ከንቲባ፣ እሳት ቢነሳ እንኳ ችሎት የማያቋርጡት ሰው፣ "ለነገ ተቀጥሯል" ብለው ተነሡ።

ዝማሬ ወንበሮቿን ልታመጣ ስትገባ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል። ዝማሬ ተቆጥታ ልትናገር መጥታ ሳታስበው ሌላ ነገር ጠየቀች።

"ጋሼ፣ ሱዛና ማን ናት?"

"ተቀመጪ" አሉ። በገዛ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው አሉ፣ ገበያ ለውዝ ገዙ። ለውዙ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሲፈቱ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፤ "በእኔ በከንቲባው ፊት ቀርባ እንዲህ አለች" ይላል። ሮጠው ተመልሰው ከባለ ለውዟ የቀረውን መጽሐፍ ገዙ። ገና ያልተበላበትን ማለት ነው።

"የእንግሊዝ አገር ከተማ ነው። ስሙ ያለበት ገጽ የለም። ዘመኑ በፈረንጅ ሺ ስምንት መቶ ዐሥራ ዘጠኝ። ያኔ ከንቲባ መንገድ የሚያስጠርግ ብቻ አልነበረም። የተሰረቀ ሰው ወደ ከንቲባው ቤት ነው የሚሮጠው። ከንቲባው ከሳሹን ይሰማል፤ ተከሳሹን ይጠይቃል፤ ቃላቸውን ይጽፋል። ከዚያ ሦስት መንገድ ነው ያለው፤ ይለቃል፣ ዋስ ያስጠራል፣ አለዚያ ወህኒ ይሰዳል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት ሌሎች ናቸው። ግን ዝማሬ፣ እነዚያ የሚያነቡት እሱ የጻፈውን ነው። ወረቀቱ ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል።"

መጽሐፉን አዞሩላት። የመጨረሻው ገጽ ጠርዙ ላይ የዘይት ወዝ ነበረበት።

"ሱዛና ልብስ አጣቢ ናት። የአባቷ ስም ያለበት ጥግ ተቀዷል። ከእንግዳ ማረፊያ ቤት ገመድ ላይ ሁለት አንሶላ ወስደሻል ተባለች። የቤቱ እመቤት በእጇ ሰጠችኝ አለች። እመቤቲቱ በደጅ ሦስት ጊዜ ተጠራች፤ አልቀረበችም። ከዚያ ከንቲባው 'ትእዛዜም ይህ ነው' ብሎ ይጽፋል።"

"ምን አዘዘ?"

"ገጹ እዚህ ያልቃል።"

"ቀጣዩስ?"

"ለውዝ ተበልቶበታል።"

ዝማሬ ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቁ አልመጣም። ያንን መጽሐፍ ካገኙ ወዲህ ሽማግሌው በየሳምንቱ ከዚያች ሴት ለውዝ ይገዙና መጠቅለያውን ይፈታሉ። ለውዝ ጥርሳቸውን ያማቸዋል።

"በዚያ ዘመን በሁለት አንሶላ ሰው መርከብ ላይ ተጭኖ ወደማይመለስበት ይላክ ነበር። ሄደች? ተለቀቀች? ትእዛዙ አልተገኘም። ያልተጻፈ ደግሞ አልተደረገም። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ እዚያ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ቀርባ ትእዛዟን እንድትሰማ ነው የምጠራት።"

"ጋሼ፣ ሞታለች እኮ!"

"ሞተች አይባልም" አሉ። "አልቀረበችም ነው የሚባለው።"

ዝማሬ ወንበሮቿን ሳትወስድ ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት ችሎቱ ተሰየመ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣው ነበር። ረታ ወደ ጣቢያ የሚወስደውን ፋይል ጉልበቱ ላይ አድርጎ በካርቶን ራሱን ያራግባል። ሮዝ ቆማለች። ዋል ሞተሩን አስደግፎ በሩ ላይ፣ ጣሂራ ከኋላው፤ ዝማሬ በገዛ ወንበሯ ጠርዝ ላይ።

"ማዳም ለምን ሰጡሽ?" አሉ ከንቲባው።

"ለከፈን። የእህቴ ሕፃን ሞቶ፣ መጠቅለያ አጥተን፣ ጠዋት እያለቀስኩ መጣሁ። ማዳም ታመው ተኝተው ነበር። ተነሡና ሣጥኑን ራሳቸው ከፈቱ።"

"ለአንድ ሕፃን ሁለት አንሶላ?"

ሮዝ የተላጡ እጆቿን አየች።

"መንታ ነበሩ።"

የረታ ካርቶን ቆመ። ዝማሬ አየችው፤ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

"ምስክር አለሽ?"

"ከማዳም በቀር ማንም አላየም።"

ጋሽ ማንያህልሻል ብዕራቸውን አስቀመጡ። ኮታቸውን ለበሱ። ወደ ደፉ ሄዱ። ሊያደርጉት ያለው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው፤ ዋል ሞተሩን ትቶ ከበሩ ፈቀቅ አለ።

"ወይዘሮ ይመኙሻል!"

ከመንገዱ ማዶ የሚያጉረመርመው ጄነሬተር በዚያው ቅጽበት ጠፋ። ነዳጅ ጨርሶ ይሆናል። ሃይ ማላካል እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

"ጋሽ ማንያህልሻል፣ ነውር ነው!" አለ ረታ። "ሐዘን ላይ ነኝ እኮ!"

"ወይዘሮ ይመኙሻል!"

"ቢስሚላሂ" አለች ጣሂራ። ሮዝ ዐይኗን ጨፍናለች። ረታ ፋይሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ወለሉን ያያል። ከንቲባው ቆዩ። ሁለቴ ጠርቶ የሚሄደው ቢሆን ኖሮ አሁን ይሄድ ነበር።

"ወይዘሮ ይመኙሻል!"

"አቤት! መጣች፣ አንድ ጊዜ!"

የተናገረው ረታ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጦ፣ ሚስቱ ጓዳ ሳለች ከደጅ በተጠራች ቁጥር እንዲህ ብሎ ሲመልስላት ኖሯል። አፉ ራሱ መለሰ። እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ሰው እንደመታው ሁሉ ዙሪያውን አየ።

ጋሽ ማንያህልሻል ተመልሰው ተቀመጡ። "ምስክሯ በባለቤቷ በኩል ቀርባለች" እያሉ ጻፉ። "ቃሏ ይጻፍ።"

ረታ ሲናገር ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

"ልታርፍ ሁለት ቀን ሲቀራት... 'ሁለቱን አንሶላ እንዳትፈልጋቸው፤ መንታዎቹ ተኝተውባቸዋል' አለችኝ። እኛ ልጅ የለንም። የምን መንታ? የትኩሳት ቅዠት መስሎኝ እሺ አልኳት።" ፋይሉ ከእጁ ወደቀ። "እሺ ብያት ነበር።"

ከንቲባው የተጻፈውን አነበቡለት። ረታ አውራ ጣቱን ሐምራዊው ሳህን ላይ ጫነ።

"ትእዛዜም ይህ ነው" አሉ ጋሽ ማንያህልሻል። "ሮዝ ወደ ቤቷ ትሂድ። ሰኞ ሥራዋ ላይ ትገኝ። ዋስ ትጥራ።"

"ዋስ የለኝም" አለች ሮዝ።

"እኔ ነኝ ዋሷ" አለ ረታ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። "የት ነው የቀበራችኋቸው?"

"ጉምቦ።"

"ነገ ትወስጂኛለሽ?"

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ እኔ አደርሳችኋለሁ!" አለ ዋል ከውጭ።

ዋል እስከ ዛሬ አቤት ያለችው ሴት ናት ብሎ ይምላል። ጣሂራ ሁለት ድምፅ ነበር ትላለች፤ አንዱ ቀደም ብሎ፣ አንዱ በላዩ። ዝማሬ ስንት ድምፅ እንደሰማች በከንቲባው ተጠይቃ መልስ አልሰጠችም። አለመመለሷም ተጽፏል።

ቅዳሜ መጣ። ዝማሬ በርበሬ እየሰፈረች ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮቱ ሲንኮሻኮሽ በቆርቆሮው በኩል ሰማች።

"ሱዛና!"

ልጆቹ ኳሳቸውን አነሡ። ጣሂራ ብርጭቆዎቿን ደፋች። ዝማሬ እጇ በርበሬው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሰውየው አርጅተዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይህን ስም የሚጠራው ማን ነው ብላ አሰበች።

"ሱዛና!"

አቤት አይባልም ተብሏል። በሌላ ሰው ስም ደግሞ ከቶ አይባልም። የሚጠሩትን ሽማግሌ ሳይሆን የምትቀርበውን ፈራች።

"ሱዛና!"

"አቤት!" አለች ዝማሬ።

ሽማግሌው ዞር ብለው አላዩም። በደፉ ላይ እንደቆሙ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው ገቡ። ብዕሩ ጫረ፤ ከሁልጊዜው ረዘም ላለ ጊዜ ጫረ። ከዚያ በግድግዳው በኩል፣ ለሕፃን እንደሚነገር ዓይነት ድምፅ መጣ።

"ትእዛዜም ይህ ነው። ሱዛና ልጄ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ታይቷል።

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። የጣሂራ የቀሩት ዶሮዎች ግን ከመሃል መንገድ ተነሥተው ወደ ግራና ቀኝ ተከፈሉ፤ ዕቃ የተሸከመ ሰው ሲያልፍ እንደሚያደርጉት። ዝማሬ ዐይኗን ጠረገች። በበርበሬ እጇ ስለሆነ፣ ለምን እንዳለቀሰች የጠየቃት የለም።

ሰኞ ጠዋት ወንበሮቹን ሳትጠራ ወሰደችላቸው።